ከመንገዱ ቀድመው ሶፊ የደረሱት ወይዘሮ ዕፀገነት እንደሻው

ወይዘሮ ዕፀገነት እንደሻው ከአባታቸው ከአቶ እንደሻው ወልደ ሐና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮማነወርቅ ታደሰ ታኅሣሥ 12 ቀን 1961 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ፈላና በር አካባቢ ተወለዱ። በሰማንያ ቀናቸውም ክርስትና ተነሡ። አባታቸው መኪና ግርግር በሚባለው የጀጎል የልብስ ሰፊዎች መንገድ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ልጅነታቸው ከጀጎል ልጆች ጋር አለፈ፤ ሐረሪኛውንም ኦሮምኛውንም ከጨዋታው ጋር ለመዱት።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱባት ከተማ አጠናቀው በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። እዚያው እንዲቀሩ ጓደኞቻቸው ቢለምኗቸውም «እናቴ አርጅታለች» ብለው መጡ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን አላረጀሁም እያሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲከራከሯቸው ኖሩ።

ለዓመታት ታሪክ አስተማሩ። ከደብረ ማርቆስ ተመድበው የመጡትን የሒሳብ መምህር አቶ ሚልኪያስ በላይን ያወቁት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። በ1988 ዓ.ም. በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ገሊላንና ብሩክን ወለዱ። በ1995 ዓ.ም. ወደ ቅርስ ጥበቃ ሥራ ተዛወሩ። በአርኪዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ለመማር አዲስ አበባ በሰነበቱበት ጊዜ ልጆቹን ያሳደጉት አቶ ሚልኪያስ ናቸው፤ የገሊላን ፀጉር መሥራትም ያኔ ተማሩ።

እኚህ እናታችን ብዙ ቦታ ቢደክሙም ልባቸው የቀረው ከሐረር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በሶፊ ገጠር ነው። በ2009 ዓ.ም. በዚያ አዲስ መንገድ ሊሠራ ሲል፣ ማሽን ከመግባቱ በፊት በእርሻዎቹ ሥር የጥንት ሰው ቅሪት መኖር አለመኖሩን የሚያጠናውን ቡድን እንዲመሩ ተመደቡ። መስመሩ የሚያልፈው በእማማ ሐዋ የጫት እርሻ ላይ ነበር። ጫቱን ከሟች ባለቤታቸው ከአቶ አሕመድ ጋር የተከሉት ነው፤ ሌላ መተዳደሪያም አልነበራቸውም። እማማ ሐዋ ቡድኑን ገና ከድንበሩ መለሱት።

ወይዘሮ ዕፀገነት በማግስቱ ብቻቸውን ሄዱ። በኦሮምኛ እያወሩ ረጅም ሰዓት አብረው ተቀመጡ። መንገዱን ማስቀረት እንደማይችሉ ሳይሸሽጉ ነገሯቸው፤ መንገዱ እስኪደርስ ግን በእሳቸው ሥራ አንድ የጫት እግር እንደማይነቀል ቃል ገቡ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ቁፋሮው ሁሉ በጫቱ መደዳዎች መካከል፣ በትናንሽ መሣሪያና በብሩሽ ተከናወነ። ቀናት ካለፉም በኋላ እማማ ሐዋ ራሳቸው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጠው ማየት ጀመሩ።

መጀመሪያ ገልና ዶቃ ወጣ። በኋላ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዙሪያውን የተደረደረበት የጥንት መቃብር ተገኘ። ውስጡ አንዲት ሴት በጎኗ ተኝታለች፤ ክንዷ ላይ ጨቅላ ሕፃን ነበረ። የመንገድ ሥራው ተጠሪ ጊዜ የለንም፣ አጥንቱ በየሣጥኑ ተለይቶ ቶሎ ይነሣ አሉ።

ወይዘሮ ዕፀገነት ከጉድጓዱ ሳይወጡ «እናትና ልጅ ናቸው፤ አብረው ነው የሚነሡት» ሲሉ መለሱ።

ከነአፈራቸው በአንድ ሣጥን ለማንሣት ብዙ ቀን ፈጀ፤ ወቀሳም አመጣባቸው። የአካባቢው ሽማግሌዎች ከተመካከሩ በኋላ አፅሙ ጥናቱ ሲያልቅ ተመልሶ እንዲቀበር ተስማሙ። የት ይቀበር የሚለው ሲያከራክር እማማ ሐዋ ተነሡ።

«እኔ ጋ ይረፉ» አሉ። «ሳላውቃቸው ነው እንጂ ጎረቤቶቼ ነበሩ።»

መንገዱ ከማይነካው የእርሻው ራስጌ ተቀበሩ። የመንደሩ ሼህ ነስሮ ዱዓ ሲያደርጉ ወይዘሮ ዕፀገነት ነጠላቸውን ተከናንበው ከሴቶቹ ጋር ቆመው ነበር። ማሽኑ ገብቶ ጫቱን የነቀለ ዕለትም የእማማ ሐዋን እጅ ይዘው አብረው አለቀሱ። እርሻውን ማዳን አለመቻላቸው እስከ መጨረሻው ይቆጫቸው ነበር። መንገዱ ሲመረቅ የክብር እንግዳ ሆነው ቢጠሩም አልተገኙም፤ ቀኑን እማማ ሐዋ ቤት ዋሉ።

ወይዘሮ ዕፀገነት በ2015 ዓ.ም. በካንሰር ታመው በሐረርና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ እማማ ሐዋ በዚያው መንገድ በሚኒባስ እየመጡ ሐረር ኤረር በር ይወርዱና፣ ወተት በጠርሙስ ይዘው፣ ከበሽተኛዋ ግርጌ ተቀምጠው እግራቸውን ሲያሹላቸው ይውሉ ነበር። ብዙም አያወሩም። እማማ ሐዋ በአረብኛ በለሆሳስ ይጸልያሉ፤ ወይዘሮ ዕፀገነትም ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ከሕመሙ እፎይ ብለው የተኙት ያን ጊዜ ብቻ እንደነበር ያስታመሟቸው ልጆቻቸው ይመሰክራሉ።

ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ጧት፣ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ሚልኪያስ፣ ልጆቻቸው ገሊላና ብሩክ፣ የልጅ ልጃቸው ቤዛ፣ እንዲሁም ያስተማሯቸው ሁሉ ኀዘንተኞቻቸው ናቸው። ወይዘሮ ዕፀገነት ከማረፋቸው አስቀድሞ ለገሊላ አንድ አደራ ሰጥተዋል፤ ይህ ጽሑፍ ሲነበብ የእማማ ሐዋ ስም በእናት ቦታ እንዲጠራ። አደራቸውን እነሆ እንፈጽማለን፤ እናታቸው እማማ ሐዋ ከሶፊ መጥተው ከመካከላችን ተቀምጠዋል።

ቸሩ መድኃኔዓለም ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ እማማ ሐዋንና እኛን ሁላችንን ያጽናናን። አሜን።