ለአንዲት ጆሮ የተዘጋጀ የቺሊ እራት

ለክቡር ሚስተር ሃድሰን ዊትኮም
የጽኑ መጠለያ የጤና መድን ኩባንያ ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና በደብዳቤዎቻችሁ ራስጌ ላይ ፈገግ ብለው ለሚታዩት ቤተሰብ (ማን እንደሆኑ ባላውቅም ጥርሳቸው በጣም ያምራል) የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ የተሟላ ጤና እመኝልዎታለሁ። ምኞቴ የእውነት ነው። መታመም ስንት እንደሚያስከፍል ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለምና፣ እርስዎን የሚያህል ሰው በራስዎ መድን ሲታከም ማየት አንጀቴ አይችልም።

ማርሊስ ቮስ እባላለሁ። የምኖረው ኔብራስካ፣ ብሌከር በምትባል ከተማ ሲሆን፣ በበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ አዳራሻችን የወጥ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። እሳት ሲነሳ ባሌ ዱዌይንና ጓደኞቹ መኪናውን አስነስተው ይሮጣሉ። ሰው ሲታመም ደግሞ መኪናውን ውጭ አቁመን በቦታው ጠረጴዛ እንዘረጋለን፤ የባቄላና የተፈጨ ሥጋ ቺሊያችንን በትልልቅ ድስት ሠርተን ከቀረፋ ዳቦ ጋር እንሸጣለን፤ በመጨረሻም ፓይ (ፍራፍሬ የተሞላ ኬክ) በጨረታ አቅርበን የተገኘውን ለበሽተኛው እንሰጣለን። ዘንድሮ እሳት የተነሳው ሁለት ጊዜ ነው። ቺሊ ግን ዘጠኝ ጊዜ ተሠርቷል። መኪናው ብርድ ላይ መቆም ስለለመደ ዱዌይን ብርድ ልብስ ገዝቶለታል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአሥረኛው ቺሊ በክብር ልጋብዝዎት ነው። ባዶ እጅ መጋበዝ ነውር ስለሆነ ግን፣ ባለፉት ዓመታት ለዋሉልን ውለታ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አስቀድማለሁ።

፩ኛ/ ስለ ዓረቦኑ አመሰግናለሁ። በየመኸሩ «ለእርስዎ የተሻለ አገልግሎት ለመስጠት» ብሎ የሚጀምረው ደብዳቤያችሁ ሲደርሰን ዱዌይን ፖስታውን ሳይከፍት «ስንት ጨመሩ?» ይላል። «ጨመሩ ወይ?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ወረቀቱ ወፍራምና ጥሩ ወረቀት ነው፤ ዋጋው ከየት እንደመጣ ስለምናውቅም ሳንቀድ እናስቀምጠዋለን።

፪ኛ/ «ተቀናሽ» ብላችሁ ስለሰየማችሁት ነገር አመሰግናለሁ። ዓረቦኑን በየወሩ ከከፈልን በኋላ ስንታመም፣ ኩባንያችሁ አንድ ሳንቲም ከማውጣቱ በፊት እኛ ብዙ ሺህ ዶላር ከኪሳችን መጨረስ አለብን፤ እሱን ስንጨርስ እናንተ ማገዝ ትጀምራላችሁ፤ ጃንዋሪ አንድ ቀን ሲነጋ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። እኔ ይህን ለልጅ ልጄ ሳስረዳት «አያቴ፣ ታዲያ ለምን ትከፍላላችሁ?» አለችኝ። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ስለሆነች የኢንሹራንስ ሥራ አይገባትም ብዬ አለፍኩት።

በማርች ዱዌይን ከበቆሎ ጎተራው መሰላል ላይ ወድቆ የትከሻው ጅማት ተበጠሰ። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስለው «ተይው ባክሽ፣ ተቀናሹን ገና አልነካነውም፤ ይሻለኛል» አለ። እስከ ኦገስት ድረስ ከማቀዝቀዣ የወጣ የአተር ከረጢት ትከሻው ላይ አስሮ ከረመ። ሲቀልጥ መልሼ አቀዘቅዘዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ መልሼ አስርለታለሁ። በመጨረሻ ክንዱን አንስቶ ባርኔጣውን ማውለቅ ሲያቅተው፣ ቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ አድርጎ መግባት ስላፈረ ብቻ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ያን አተር አሁን ለመብላት የሚደፍር ስለጠፋ በክብር ቀብረነዋል።

ከዚያ «ተቀናሽዎን አሟልተዋል» የሚል ደብዳቤያችሁ መጣ። ክቡር ሆይ፣ የዚያን ቀን የቤታችንን ደስታ ቢያዩት! ዱዌይን ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈውና ዞር ብሎ በፍቅር አየኝ። «ማርሊስ፣ አሁን እኮ ልንታመም እንችላለን! እስቲ ንገሪኝ፣ ምንሽን ያምሻል?» አለኝ። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራችን እንዲህ አይቶ ምን እንደሚያመኝ ጠይቆኝ አያውቅም። «ጉልበቴን» አልኩት። «ጎበዝ!» አለኝ። «ሌላስ?» ለዓመታት ያጠራቀምነውን ሕመም ሁሉ ከዲሴምበር መጨረሻ በፊት ለመታየት ስንሯሯጥ፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ የከተማውን ግማሽ ሰው አገኘነው። ለካስ ሁሉም ቀኑ ሳያልቅበት ሊታመም ነው የመጣው። በሽታችንን በእናንተ ቀን መቁጠሪያ መታመም እንዳስተማራችሁን እነሆ ምስክር ነኝ።

፫ኛ/ ስለ ስልኩ ሙዚቃ አመሰግናለሁ። የዱዌይን የቀኝ ትከሻ በፋይሉ ላይ «ግራ» ተብሎ ስለተጻፈ፣ ኩባንያችሁ «ግራው ጤነኛ ነው» ብሎ አልከፍልም አለ። ትክክል ነበራችሁ፣ ግራው ጤነኛ ነው። ይህን ለማስረዳት ስደውል የምታሰሙን ዋሽንት ዛሬ በቤታችን ይታወቃል፤ ዱዌይን ከብቶቹን ሲያበላ ያፏጨዋል፤ ላሞቹም ሲሰሙት ተሰልፈው ይቆማሉ፣ የሚመጣላቸው ነገር ግን የለም።

ሆኖም ከዋሽንቱ ወዲያ አንዲት ሴት ነበረች። «ስለጠበቁኝ በጣም አመሰግናለሁ፤ አሁን ከእርስዎ ጋር ነኝ» ትላለች፤ ስትልም የምሯን ነው። ከእሷ በፊት ያናገርኳቸው ሁሉ የምለውን ሳያስጨርሱኝ «ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?» እያሉ ዘግተውብኛል። እሷ ግን ስለ ትከሻው፣ ስለ መሰላሉ፣ ስለ አተሩ ሳይቀር ሰማችኝ። አለቀስኩ፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ «ወይዘሮ ቮስ፣ ቆይ፣ ይኼ ነገርማ እንዲህ መቅረት የለበትም» አለችና ለሐኪም ቤቱ ራሷ ደውላ «ግራ»ውን «ቀኝ» አስደረገችው። ይህን ያደረገችበትን ደቂቃ ከደመወዟ እንደቀነሳችሁባት የሰማሁት በኋላ ነው።

፬ኛ/ አራተኛው ምስጋና አይደለም። ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ትሕትናው ትንሽ ያንገራግርብኛል።

በኖቬምበር አንድ ቀን የአዳራሹ ስልክ ጮኸና አነሳሁት። «ይቅርታ፣ ስለ ቺሊ እራቱ የምጠይቀው ማንን ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ እንቅልፍ ላይ ሆኜ እንኳ አውቀዋለሁ! አላስቻለኝም። «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ እባክዎ በመስመሩ ላይ ይቆዩ» አልኩና ዋሽንታችሁን በአፌ ማዜም ጀመርኩ። ቀጥሎ ሳቋን ለቀቀችው። «ወይዘሮ ቮስ? የግራው ትከሻ?» አለችኝ። «የቀኙ!» ብዬ ጮህኩ። ለካስ የምትኖረው ከእኛ ወዲያ ያለችው ከተማ ነው፤ በየሳምንቱ የምናልፍባት።

ሳቁ ሲያልቅ «እስቲ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ» አለችኝ። ከፍ አደረግሁ። እንደገና ለመነችኝ። ምን እንደሆነች ስጠይቃት ነው ነገሩ የገባኝ። በጆሮዋ ውስጥ ያለች ኢምንት አጥንት ደርቃ አልንቀሳቀስ ብላለች። አንደኛው ጆሮዋ ጨርሶ ዘግቷል፣ ሁለተኛው እየተከተለው ነው። ሐኪሙ አጥንቷን በቀዶ ጥገና ቢተካት ትሰማለች፤ ካልተተካች ስልክ መመለስ አትችልም፤ ስልክ ካልመለሰች ሥራ የላትም፤ ሥራ ከሌላት መድን የላትም። መድኗ ደግሞ የእናንተው ነው፣ ክቡር ሆይ። የሠራተኞቻችሁ ተቀናሽ ከእኛም እንደሚበልጥ ስትነግረኝ እስካሁን እኛ እንደ ዘመድ ስንታይ መኖራችንን አወቅሁ።

ሐኪም ቤቱ ድርሻዋን አስቀድማ እንድትከፍል ስለጠየቃት ነው ወደ ቺሊው የመጣችው። ቀዶ ጥገናው ለዲሴምበር አጋማሽ ተቀጥሯል። ኩባንያችሁ ግን ለቀዶ ጥገናው እንደሚከፍል የሚያረጋግጠውን ቅድመ ፈቃድ ከኦክቶበር ጀምሮ አልሰጠም። ዲሴምበር ካለቀ እስካሁን ለምርመራ የከፈለችው ሁሉ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መልሱን ለመጠየቅ የት የደወለች ይመስልዎታል? እዚያው፣ ራሷ ወደምትሠራበት ስልክ! ዋሽንቱን ሰማች፣ ወይም የቻለችውን ያህል ሰማች፤ ከዚያ ያነሳላት ከጀርባዋ የሚቀመጠው ባልደረባዋ ሆነ። በስልኩ ያለው ስላልተሰማት ወንበሯን አዙራ ከንፈሩን አየች። «በመታየት ላይ ነው» ይላል ከንፈሩ። እሱም አፈረ፣ እሷም አፈረች፤ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነው። በዚያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ ሰው ሲናገር እስኪጨርስ የሚሰማ አንድ ጆሮ ነበራችሁ፤ እሱንም ልትዘጉት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በእኛም ሠፈር ነገሩ ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም። የከብት ጨረታ የሚጮኸውና ፓያችንን የሚያጫርተው ኦርቪል «ኧረ በስመ አብ! ለመድን ኩባንያ ሠራተኛ ቺሊ ልንሠራ? ቀጥሎ ደግሞ ለግብር ሰብሳቢው ነው?» ብሎ ጠረጴዛ መታ። ዱዌይን ተነሳና የቀኝ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ አነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። «አየህ? እሷ ናት» አለው። «አሁን ድስቱን አውርድና ዝም በል።» ኦርቪል ድስቱን አወረደ። ዝም ማለቱን ግን አልቻለበትም፤ እንግዲህ ሥራው ነው።

ስለዚህ በዲሴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ በአዳራሻችን እንጠብቅዎታለን። እንደ እንግድነትዎ ክብር በብሌከር ደንብ ሳይሆን በራስዎ ደንብ ልናስተናግድዎት በአንድ ድምፅ ወስነናል። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ሳህን ሙሉ ዋጋ እየከፈሉ ይበላሉ። ከአሥራ ሦስተኛው ሳህን ጀምሮ እኛ በደስታ እናግዝዎታለን፤ በሳህኑ የጨለፈችልዎት ሴት፣ እናንተ ስለ ሐኪሞች እንደምትሉት፣ ከእኛ ጋር ውል ካላት ማለቴ ነው። የቀረፋ ዳቦው ሙሉ በሙሉ በእኛ ነው፤ ከእኛ ጋር ውል ያለው ጋጋሪ ግን ለጊዜው የሚገኘው በሌላ ግዛት፣ ዋዮሚንግ ነው። ማንኪያ ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ጥያቄዎን ዛሬ ቢያስገቡ በመታየት ላይ ይሆናል። ቺሊው ቢበርድብዎት እያሰብንልዎት መሆኑን ይወቁ።

ከእራቱ በኋላ የፓይ ጨረታ አለ። በእኛ ዘንድ ፓይ የገዛ ሰው መልሶ ይሰጠዋል፣ ኦርቪልም እንደገና ያጫርተዋል። ባለፈው አንድ የቼሪ ፓይ ሰባት ሰው ከፍሎበት ማንም ሳይቀምሰው አምሽቷል። ደጋግሞ ከፍሎ አለመቅመስን ከእናንተ ነው የተማርነው፤ ልዩነቱ፣ የእኛ ገንዘብ መጨረሻ ላይ በሽተኛው ዘንድ ይደርሳል።

በዚህ አጋጣሚ ላደረጉልን፣ ለሚያደርጉልንና ገና በመታየት ላይ ላለው ሁሉ ያለኝን የላቀ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጆሮዎን፣ ትከሻዎንና ጉልበትዎን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ፣ ከዚያም በኋላ እንደገና ከዜሮ ጀምሮ ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎት በመጸለይ እሰናበታለሁ።

የዘወትር ከፋይዎ፣
ማርሊስ ቮስ
የብሌከር በጎ ፈቃድ እሳት አደጋ አዳራሽ፣ የወጥ ቤት ኃላፊ

ማሳሰቢያ፦ የልጅቷን ስም እንዳልጠራ አስምላኛለች፤ ሥራዋን ታጣለቻ! ማን እንደሆነች ካጓጓዎት ወደ ራስዎ ስልክ ደውለው ዋሽንቱን እስኪያልቅ ይስሙ፤ የሚሉትን ሁሉ እስኪጨርሱ የምትጠብቅዎትና «እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ» የምትልዎት እሷ ናት። ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለዎት ደግሞ ቀላል መፍትሔ አለኝ። ጠረጴዛችሁ ላይ «በመታየት ላይ» ተብለው የተከመሩትን የጆሮ ጥያቄዎች በሙሉ ይፈርሙባቸው። አንዱ የእሷ ነው። የሌሎቹን ባለቤቶች አላውቃቸውም፤ ግን እነሱንም ቤት ውስጥ ስማቸውን ጠርቶ መልስ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።