ለመተማው ቀትር አንድ ምስክር

ጎንደር፣ ቁስቋም
ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ይድረስ ዛሪማ ላለው ወንድሜ፣

አያ፣ ከሄድህ ወዲህ እንዴት ሰነበትህ? የዛሪማ ወባ እንዳይነካህ እናታችን ጠዋትና ማታ ለቁስቋም ማርያም ትሳልልሃለች። ያዘጋጀችልህን በሶ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሰው ይዞልሃል። እኔ ጤና ነኝ። እሷም ጤና ናት። አባታችንም ደህና ናቸው ብዬ እንዳልጽፍልህ ውሸት አልወድም።

እስከ ዛሬ አንቱ እልህ ነበር። ዛሬ አንተ ብዬሃለሁ። ቅር ካለህ ይበልህ።

አባታችን ከመጋቢት ወዲህ ማኅሌት አልመሩም። መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላ፣ ከዓምዱ ሥር ይቆማሉ። «የመሪጌታው ልጅ በዐቢይ ጾም በጠራራ ፀሐይ በላች» እየተባለ በምን አፋቸው ከፊት ይቁሙ? ማንም ሂዱ አላላቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የሄዱት። አንድ ቀን ብቻ ጠየቁኝ። አልበላሁም አልኋቸው። «እሺ» አሉ። ማመናቸውን ግን ከዚያ እሺታ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ያየኸውን ደግሜ የምጽፍልህ ረስተኸዋል ብዬ አይደለም። አንተ ያልተናገርኸውን እኔ ስናገረው እንድትሰማ ነው።

የትምህርት ቤቶቹ ውድድር መተማ ይሆናል የተባለ ዕለት ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። ነጭ ሽንኩርት አሽትቱ፣ ከጥላ አትውጡ፣ ቆላ የደገኛን ጉልበት ይበላል። እኔ ግን ያሰብሁት ሌላ ነበር። በአጭር ሩጫ አንደኛ የምትወጣው ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ ትወዳደራለች፣ እዚያው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ትቀጥላለች። ለእኔ ከዚህ ሌላ መንገድ እንደሌለኝ ታውቅ ነበር። ጎንደር ያለው ትምህርቴ ዘንድሮ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀኝ ሽማግሌ ልኮ የቆየው ሰው ነው።

ጠዋት የወንዶቹ ረጅም ሩጫ ሆነ። የትምህርት ቤታችን ልጆች እነ ቢያዝን ሲነሡ እንደ ሚዳቋ ነበሩ። ሲመለሱ እግራቸውን ይጎትታሉ፣ አንገታቸው አልቆም ብሏል፣ ሁለቱን ተሸክመው ጥላ ሥር አስተኟቸው። ዳኞቹ ያን አይተው የቆላን ነገር እንደ ወንጌል ያዙት። ልጃገረዶቹን ሁሉ ከሜዳው ዳር ካለው የሮቃ ዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበው ነጠላቸውን ውኃ እየነከሩ አለበሷቸው። እኔ ብቻ ፀሐይ ላይ ቀረሁ፤ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ እግሬን አፍታታለሁ። የአይከሏ ይመኙሽ፣ «ምነው እቴ፣ እንደተሰጣ በርበሬ የምትገላበጪ? ልትፈጪ ነው?» ብላ ሮቃው ሥር ያለውን ሁሉ አሳቀችብኝ።

ፀሐይ ላይ ያቆመኝ ማን ነበር? አንተ አይደለህም? ጎንደር ሜዳ ላይ በማለዳ ስታሮጠኝ ጉልበቴ አልታጠፍ ይል ነበር፣ እርምጃዬም ያጥር ነበር። «ቅቤ በብርድ ይረጋል፣ ሲሞቅ ይፈታል፤ ጅማትም እንዲሁ ነው» አልኸኝ። የረጅም ርቀት ሯጩን ሙቀቱ በሰውነቱ እየተከማቸ ይጥለዋል፤ የአጭር ርቀት ሯጭ ግን ሙቀቱ ሊጎዳት ሳይደርስ ሩጫዋ ያልቃል አልኸኝ። በቀትር አሮጥኸኝ፣ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በጎንደር ምድር ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ እኔና አንተ ነበርን።

ፊሽካው ሲነፋ መሬቱ እግሬን አልያዘውም። ነካ አድርጌው እነሣለሁ፣ ነካ አድርጌው እነሣለሁ። ጉልበቴ ሳላዘው ከፍ ይላል። በማለዳ ከጭኔ ኋላ የሚጎትተኝ ጅማት ጭራሽ የለም እስክል ድረስ ተፈትቶልኛል። ክሩን በደረቴ ስበጥሰው የሌሎቹ ኮቴ ገና ከኋላ ይሰማኝ ነበር።

ዘወር ብዬ ሰዓት ያዢውን፣ አንተን አየሁ። ደስ እንዲልህ ነበር የምፈልገው። አንተ ሰዓቱን አየህ፣ እኔን አየህ፣ ተመልሰህ ሰዓቱን አየህ። ፊትህ አመድ ለበሰ። ያኔ ፀሐይ የመታህ መስሎኝ አዘንሁልህ። ሞኝነቴ!

ዋናው ዳኛ አቶ በላቸው ሰዓቱን ከእጅህ ላይ ሲያዩት ሳቁ። «ጎንደር በነፋሻው አየር ያልሮጠችውን በዚህ እሳት ትሮጣለች? በባዶ ሆዷ? እናንተ፣ ይህች ልጅ በልታለች!» አሉ። አንዱ ተነሥቶ ከአንድ ጎጆ ኋላ ስትገባ አይቻታለሁ አለ። የገባሁት ቀሚሴን በመቀነት ላጠብቅ ነበር። ማን ይስማኝ? ሲስቅብኝ የነበረው ሰው ሁሉ ድንገት ለጾም ተቆርቋሪ ሆነ። ጾም የገደፈች ተማሪ ጠቅላይ ግዛታችንን ወክላ አትሄድም ተባለ።

ማን እንደተከራከረልኝ ታስታውሳለህ? ይመኙሽ! የቀደምኋት ልጅ! እኔ ስወድቅ ዕድሉ ለእሷ የሚሆን ልጅ! «ጌቶቼ፣ አፏን እዩት እንጂ፣ ኩበት ሆኗል! የበላ ሰው ምራቅ ያጣል?» አለች። ዝም በይ አሏት።

ከዚያ አቶ በላቸው ወደ አንተ ዞሩ። «አንተ ወንድሟ ነህ፤ ከንጋት ጀምሮ ከአጠገቧ አልተለየህም። በልታለች ወይስ አልበላችም?» አሉህ።

አንተም «እኔ የያዝሁት ሰዓት ብቻ ነው» አልህ።

ይህን ስትል አውራ ጣትህ የሰዓቱን ቁልፍ ሲጫን፣ መርፌውም ወደ መነሻው ሲመለስ አየሁ። ከዚያ ወዲያ የሮጥሁት ሩጫ እንዳልተሮጠ ሆነ። በሳምንቱ ለዛሪማ መምህር ተፈልጓል ሲባል ቀድመህ እጅህን አወጣህ።

እኔን ለማን ትተኸኝ ሄድህ? ለንስሐ አባታችን ለአባ ተክለ ጊዮርጊስ። መጡና፣ «ልጄ፣ ጥቂት ስግደት ነው፤ ተቀበዪውና ወሬው ይለቅ፣ አባትሽም ይረፉ» አሉኝ። ያልሠራሁትን ኃጢአት ሠራሁ ብል ኃጢአቱ ያን ጊዜ ነው አልኋቸው። እናታችን አለቀሰች። ስለ አባትሽ ብለሽ ስገጂ አለችኝ። አልሰገድሁም። ብሰግድ ኖሮ አንተ ዛሬ እፎይ ትል ነበር።

ይልቅ አቶ በላቸው ቢሮ ደጃፍ ሄጄ ቆምሁ። ሲገቡ አለሁ፣ ሲወጡ አለሁ። ሲሰለቻቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን ይሁን ነው የምትይው?» አሉኝ። ጾሙ ሳይፈታ፣ በቀትር፣ የምትጠብቀኝ ሰው መድባችሁ እንደገና አሩጡኝ አልሁ። መቼም እንቢ ቢሉ የፈሩ ይመስልባቸዋል፤ እሺ አሉ።

የመደቡልኝ እማሆይ ወለተ ሚካኤልን ነበር። «በስተርጅና የሰው አፍ ዘበኛ ልሁን?» እያሉ መጥተው ከአልጋዬ ሥር አጎዛቸውን አነጠፉ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እንኳ ከንፈሬን በነጠላቸው ጫፍ እሳቸው ናቸው ያደረቁልኝ። ቀትር ሲሆን ክንዴን ይዘው ሜዳው ድረስ ወሰዱኝ። እኔም የአባታችንን ጋቢ ተከናንቤ ፀሐይ ላይ እስኪያልበኝ ተመላለስሁ። የተሰበሰበው ሰው ወባዋን ይዛ መጣች እያለ ይስቃል። እማሆይ ግን ለአቶ በላቸው፣ «ጌታዬ፣ ይህች ልጅ ከትናንት ጀምሮ የዋጠችው ነገር ቢኖር ንዴቷን ብቻ ነው» አሏቸው።

ጋቢውን ጣልሁት፤ ሮጥሁ። ይመኙሽም ከአይከል ድረስ መጥታ ከአጠገቤ ሮጣለች። ያን ቀንም ቀደምኋት፤ አቅፋ ሳመችኝ።

በዚያ ቀን ሰዓት የያዙት መምህር ሐብተ ማርያም ነበሩ። አንተን ያስተማሩህ፣ በአጭር ሩጫ ያገኘኸውን ዋንጫህንም በእጃቸው የሰጡህ። ሰዓቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ አሉና በዝቅታ፣ «ወንድምሽ ያን ዋንጫ የወሰደ ዕለት የሮጠው መቼ ነበር?» አሉኝ። በጥር ነው፣ ገና በማለዳ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ሳለ አልኋቸው። «መተማ ላይም ሰዓቱን የያዘው እሱ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። መተማ ላይ ፊትህ ለምን አመድ እንደለበሰ ያን ጊዜ ገባኝ።

አየህ አያ፣ የእኔ ሰዓት የዋንጫህን ሰዓት ቢቀድመውም፣ ያንተ በውርጭ መሆኑን ብትናገር ማንም አይስቅብህም ነበር። እኔማ ራሴ እነግራቸው ነበር።

ስሜ ተመለሰ። ነገ ንጋት በሚነሣው ማኪና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ሽማግሌ የላከው ሰውም ሌላ ደጅ ይፈልግ። ለራሴ ከአንተ የምፈልገው ነገር የለኝም።

አባታችን ግን ዛሬም ከዓምዱ ሥር ናቸው። የቁስቋም ሰው የሚለውን ልንገርህ፦ «ኋላማ ተጠብቃ ሮጠች፤ በመተማው ቀን ማን ጠብቋት ነበር?» ለጎንደሩ ሩጫ እማሆይ አሉልኝ። ለመተማው ከአንተ በቀር ምስክር የለኝም፣ አይኖረኝምም። ስለዚህ ለእሳቸው ጻፍ። ለእኔ አይደለም፣ ለእሳቸው። አልበላችም ብለህ አንዲት መስመር ጻፍ። ለምን ዝም እንዳልህ አትጻፍ፤ እኔም ለእሳቸው አልነገርሁም፣ አልነግርምም። በመጪው በዓል ቅኔ ማኅሌቱ መሪ ይኑረው አይኑረው የሚወስነው ያንተ ብዕር ነው።

የአባቶቻችን አምላክ ከዛሪማ ንዳድ ይሰውርህ። እንጀራህን ይባርክልህ፣ አንደበትህንም ይፍታልህ። የእናታችን ጸሎት አይለይህ፤ የእኔን ግን ደብዳቤህ አባታችን እጅ የገባ ዕለት እጨምርልሃለሁ።

ሩጫ ያስተማርኸኝ
ታናሽ እህትህ