ጭቃ ላይ የምትቆም ጀልባ

ይድረስ ለአስቸጋሪው ባለቤቴ ለታዴ፣

ከተለየኸን ሰባተኛ ወር ገባን። እኛን እንዴት ናችሁ ብትል ጀልባ እየገዛን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተው ገምተው።

የማሪናው፣ የጀልባ ወደቡ ሰዎች ደወሉ። ለጀልባ ማቆሚያ ስንት ዓመት ተራ ስትጠብቅ፣ በየጊዜው "ስንተኛ ነኝ?" ብለህ ስትጠይቅ መልስ የነፈጉህ ሰዎች፣ አርባህ በወጣ ማግስት ደውለው "ቦታ ተገኝቷል" አሉኝ። በስልክ ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም። ነገሩ ሲጓተት ከርሞ አሁን ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ጀልባ ካላስገባን ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል ተባለ። በእኔ ቢሆን ይውሰዱት ነበር። እምቢ ያለችው ሶስና ናት። ልጅህ ከቀብርህ ወዲህ ከክፍሏ አትወጣም ነበር፤ ምግብ ቀርቧል ስላት "አይም ኦኬ፣ ማም" ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም። ይህን ስነግራት ግን ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "የአባዬን ስፖት ለሰው አንሰጥም" አለችኝ፣ ያውም በአማርኛ። ታዲያ ምን ልበላት?

የምናደደው ባንተ ነው። ስንት ቅዳሜያችን አሮጌ ጀልባ ስናይ አለቀ! ባሕር ያየኸው አሜሪካ ከመጣህ በኋላ፣ መዋኘት አትችል፣ የሰው ጀልባ ላይ ስትወጣ ግን የመርከብ አዛዥ ነህ። የአንዷ ወለል ሲረገጥ ስምጥ ይላል፣ ውስጡ በስብሷል አልክ። የሌላዋ ምሰሶ የታሰረበት ሽቦ ሳስቷል። አንዷ ሻጋታ ሸተተችህ። ምንም እንከን የማይወጣላትን ደግሞ ከሆዷ ሥር ወደ ውሃ የሚወርደው ኪል ረጅም ነው፣ አይነሳም ብለህ ተውካት። አንተ ስትነቅፍ ከሻጩ ፊት ቆሜ የማፍረው እኔ ነበርኩ። አንዷን ገዝተህ ብትሞት ምን ነበረበት?

ረጅም ኪል የጠላህበትን ቀን አልረሳሁትም። ገና የጀልባ መንዳት ትምህርቱን እንደጨረስክ ጀልባ ተከራይተህ ሦስታችን በስተደቡብ ካሉት ጠባብ የባሕር ክንዶች ወደ አንዱ ገባን። ምሳ ስንበላ ውሃው ሸሸ። ኪሉ ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ ጀልባዋ በጎኗ ተጋደመች። ልትገፋት ወረድክ፤ ጭቃው አንድ ጫማህን ይዞ ቀረ። ውሃው እስኪመለስ ግድግዳው ወለል ሆኖልን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እዚያው ተቀመጥን። ሶስና በሳቅ ፈረሰች። እኔ ስቆጣህ ዋልኩ፤ ደስ ብሎኝም ነበር። "ጥልቅ ውሃ ምን ያደርግልኛል? እኔ ዳር ዳሩን ነው የምሄደው። ውሃ ሲሸሽ ኪሏን ሰብስባ ጭቃ ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ነው የምፈልገው" ያልከው ያን ቀን ነው።

ጀልባ ልትገዛ ብቻዋን አትሂድ ተብሎ ታላቅ ወንድምህ ጋሽ መኮንን ከሥራ ቦታቸው፣ እዚሁ ከተማችን ካለው ሶዶ ከሚባለው ሰፈር፣ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። ሚስት ልንጠይቅ የሄድን ሽማግሌዎች መሰልን። ጋሽ መኮንን የመጀመሪያዋን ጀልባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላልሰው አዩና ጎኗን በጫማቸው መታ መታ አድርገው "ስንት ማይል ሄዳለች?" ብለው ጠየቁ። ሶስና ፊቷን ሸፈነች። እሳቸው የወደዷት ረጅሟን፣ ቀጭኗን፣ የምታብለጨልጨዋን ነው። "በቃ ይቺን ነው መውሰድ፤ ኪሏ ዲፕ ነው፣ ጥልቅ ይወርዳል፣ አትገለበጥም" አሉ። "ጋሼ፣ እሱ እኮ ዳር ዳሩን ነበር የሚፈልገው፣ ይቺ ዳር አትገባልዎትም" ብላቸው አንቺ ደሞ ምን ታውቂያለሽ የሚል ፊት አሳዩኝ። እኔ! ያን ሁሉ ቅዳሜ የከሰርኩት!

ከጎኗ የታሰረችውን አጭሯን፣ ወፍራሟን፣ ቀለሟ የተላላጠውን መረጥኩ። ወለሏን በየጥጉ ረገጥኩ፣ ሽቦዎቿን ዳበስኩ፣ ፍራሾቿን አሸተትኩ፤ ሳልወድ በግድ ተምሬልሃለሁ። የቀረው የኪሏ መነሳት ነበር። በእጅ የሚዞር መዘውር አለው። አዞርኩት፣ እምቢ አለ። ደገምኩት፣ ሲጥ ብሎ ቆመ። ጋሽ መኮንን "አላልኩም?" ብለው እጃቸውን አጣመሩ፤ ሶስና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣና ሳላስበው "ታደሰ! ኧረ በእመቤቴ፣ ናና ይሄን ጉድህን አንሳልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ማሪናው በሙሉ ሰማኝ።

ታዴ፣ ከሞትክ ወዲህ ስምህ ጮክ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። የመጣው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሱ፣ ነፍሱን ይማረውና" ነው የሚልህ፤ እኔም እንደነሱ ሆኜ ነበር። ቆሻሻው ሳይወጣ ሲያድር፣ መኪናውን ያለ ነዳጅ ስታመጣልኝ ከኩሽና የምጠራህ ግን በዚያ ድምፅ ነበር። ሶስና መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ መጥታ መዘውሩን አብራኝ ያዘች። ጋሽ መኮንንም ዓይናቸውን ጠርገው፣ ኮታቸውን አውልቀው ገቡበት። ሦስታችን ስንታገለው ኪሉ እያጓራ ተነሳ። ገዛኋት።

ሰው ለሞተ ዘመዱ ጥሩ ጥሩውን አስታውሳለሁ ይላል። እኔ እንዲያ አልልህም፤ ደግሞም ቅዱስ አልነበርክም። ደግነትህንም፣ ግትርነትህንም፣ ያናደድከኝንም እያንዳንዱን ይዤ እኖራለሁ። ሲከፋኝ እቆጣሃለሁ፣ ደግነትህ ትዝ ሲለኝ አመሰግንሃለሁ፤ ብቻ እኔ በሕይወት እስካለሁ ማንም በቤታችን ስምህን በሹክሹክታ አይጠራም።

ባለቤትህ አልማዝ