በረንዳው የማን ነበር?

አይዶላዬ፣ እዚህ ግሪንሌክ ሳቄን አፍኜ ልሞት ነበር።

ዛሬ ለእኛ ለጥቁሮች መብት የታገሉት ፓስተር ቡሽሮድ የተገደሉበት ቀን መታሰቢያ ነውና፣ ከጸሎቱ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ በላን። ወንዶቹ ዶሮ እየጋጡ ገዳዩን ይፈልጋሉ። ዲያቆን ተርዌል «የመንግሥት ሰላዮች ናቸው» ሲል፣ ወንድሙ «የምን ሰላይ፣ ሸሪፉ ነው እንጂ» ይላል። የጥይቱን አቅጣጫ በሹካ ያሳያሉ።

የፓስተሩ ሚስት እማማ ዞራ ሰምተው ሰምተው፣ «ከየት እንደተተኮሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማን በረንዳ ላይ ቆሞ እንደተመታ ግን አንዳችሁም አትነግሩኝ» አሉ።

ሁሉም የፓስተሩ ፎቶ በታተመበት የእጅ ማራገቢያ ፊቱን ሸፈነ። የበረንዳዋ ባለቤት ወይዘሮ ሉርሊን ብቻ፣ እዚያው ከጎናቸው ተቀምጠው፣ የቀረችውን አንድ ቁራጭ የኮክ ኬክ ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ። እማማ ዞራ እጃቸውን መታ አደረጉና፣ «ባሌን ወስደሻል፤ ኬኩን እንኳ ተይልኝ» አሏቸው። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ኬኳንም ለሁለት ተካፈሉ። እኛ ከተማ ሞቢል ቢሆን ወንበር ይወራወሩ ነበር።

ፖስት ካርዷ ሞላች። እናትሽን ሳሚልኝ። ለባልሽም ሰላም በይልኝ፤ ማታ ማታ የማን በረንዳ ላይ እንደሚቆም ግን በሕይወት እያለ ጠይቂው።

ያንቺዋ ቨርኒስ