ከአልጋችን ሥር ያስቀመጥኩት ወይን

ውድ እማማ ታደለች፣

ከጠዋት ጀምሮ ስደውልልዎ ነበር፤ እህትዎ ያሉበት ኔትወርክ የለም መሰለኝ፣ አይገኙም። ከመዘምራኑ ፊልሞና ነገ በመጀመሪያው መኪና ወደ ሆሳዕና ስለምትሄድ ይህን በእሷ እጅ እልክልዎታለሁ። ሲያነቡት ብቻዎን ይሁኑ። የተክሌ ነገር ነው። ልጅዎ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልቀመሰውን መጠጥ በእኔ እጅ ቀምሷል።

እህትዎን ሊያስታምሙ ሲሄዱ የጌታ እራቱን ወይን አደራ ብለውኝ ነበር። ዘቢቡን ቅዳሜ ቀቅዪ፣ አጥልዪ፣ ፍሪጅ አስገቢ፣ እሑድ ይዘሽ ሂጂ፣ የተረፈውን ድፊ አሉኝ። ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። እኔ ግን ብልጥ ነኝ አይደል፣ በየወሩ ምን አደከመኝ ብዬ የአራት ወሩን በአንድ ቀን ቀቀልኩት። ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ ሆነ። ጠርሙሶቹን የገዛሁት ከቆራሌው ነው፤ የመጠጥ ጠርሙስ ስለሆኑ ጎረቤት እንዳያየኝ በፌስታል ጠቅልዬ ነው አራተኛ ፎቅ ድረስ ያወጣኋቸው።

የእኛን ስቱዲዮ ያውቁታል። ፍሪጃችን ሦስት ጠርሙስ ከገባበት በሩ አይገጥምም። ስልኬ ላይ ወይን በጨለማ ቦታ፣ በጎኑ ተኝቶ፣ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል የሚል አነበብኩና ዘጠኙን አልጋችን ሥር ደርድሬ ክዳናቸውን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ያነበብኩት ስለ ሌላ ዓይነት ወይን ነበር። ከሰዓት በኋላ የአያት ሰፈር ፀሐይ ያንን ግድግዳ እንዴት እንደምታግለውም አላሰብኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ተክሌ ገና እንደተጋደመ፣ «ሰርኬ፣ አልጋው ሥር አይጥ ሳይኖር አይቀርም፤ የሆነ ነገር ጽስ ጽስ ይላል» አለኝ። በማግስቱ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ሊያስተምር ትምህርት ቤት ሲሄድልኝ ጎንበስ ብዬ አንዱን አወጣሁት። ክዳኑን ሳላላው አረፋው እጄ ላይ ገነፈለ። ሽታውን ልንገርዎ? የሰርግ ቤት ጠጅ ነበር። ብቀምሰው ምላሴን ቆነጠጠኝ። ሌሎቹን ከፈትኩ፤ የፍሪጁም ጭምር፣ ሁሉም ያው ነው። ለካ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ስለነበር ፍሪጁም ከቁም ሳጥን አይሻልም ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ደግሜ ልቀቅለው ብል ምድጃው አይሠራም። ግን እውነቱን ልናገር፣ መፍትሔ አልጠፋም። አቶ ጎበና ጋ ደውዬ «ወይኑ ተበላሽቶብኛል» ማለት ብቻ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ አይቆጡኝም። ነገር ግን ባለፈው ወር በጉባኤ ፊት «የእማማ ታደለች ምራት እጇ የተባረከ ነው» ብለውኝ ነበርና ያንን ቃል ማጣት አልፈለግሁም። ስኳር ጨመርኩበት። ለአንድ ሰው የሚደርሰው እኮ ከማንኪያ አይበልጥም አልኩ። ተክሌን ረስቼው ነው እንዳልልዎ፣ አልረሳሁትም። «ለሌላ ሰው አንድ ጉንጭ አንድ ጉንጭ ነው፤ ለእኔ ግን አንድ የሚባል የለም» ያለኝ እሱ ራሱ ነው።

እሑድ ኮተቤ ቤተ ክርስቲያን፣ ከተክሌ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። አቶ ጎበና ትንንሾቹን ብርጭቆዎች በትሪ ይዘው መጡ። ትሪው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ አየዋለሁ። መነሳት እችል ነበር። ትሪውን መገልበጥ እንኳ እችል ነበር፤ ሰው «ምን ነካት?» ይላል፣ ከዚያ ይረሳል። የተክሌን ክርን ያዝኩ። አብሬው የምጸልይ መስሎት እጄን በእጁ ሸፈነና ጠጣ። ዓይኑን ሳይገልጥ ብዙ ቆየ። ሰው ሁሉ ለመዝሙር ሲነሳ እሱ አልተነሳም።

ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«የት ነው የምታስቀምጪው?»

«አልጋው ሥር።»

«ይሞቀዋል እኮ እዚያ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።  ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ ለረዳቱ ሳንቲም ቆጠርኩ።

ሰኞ እሱ ሲወጣ መድፋት ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ ከታች ያለችው ጂቱ በሩን አንኳኳች። «ሰርክ፣ ምንድን ነው የምትደፉት? የእኔ መታጠቢያ ቤት እኮ ጠጅ ቤት ሆነ» አለችኝ እየሳቀች። ሳቋ ጤነኛ ነበር፤ እኔ ግን ፊቴ ቀላ፣ «የተበላሸ ኮምጣጤ ነው» አልኳት። ሽታው እስኪጠፋ ብዬ የቀረውን ለነገ አስተላለፍኩት። በማግስቱ ደግሞ ደረጃው ላይ ሰው አለ ብዬ ተውኩት። ይኸው ነው እኔ ያለሁበት ሁኔታ፤ ልጅዎ በላዩ ላይ እየተኛ እኔ ስለ ጎረቤት እጨነቃለሁ። በዚያ ሳምንት ተክሌ በምሳ ሰዓት ቤት መምጣት ጀመረ። ዝም ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። «ደክሞኝ ነው» ይላል።

ዛሬ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። ቦርሳውን አንግቶ፣ «እንጦጦ ልውጣ፤ መጸለይ አለብኝ» አለኝ። ደስ አለኝ እኮ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ በር ድረስ ሸኘሁት። ቤት ስጠርግ ነው ጎንበስ ያልኩት። ሦስት ጠርሙስ የለም።

ዐሥር ሰዓት ላይ ደወለ። ቃላቱ ረጋ ያሉ፣ ለስለስ ያሉ ናቸው። ነፋስ ይሰማል። «ሰርክዬ፣ እዚህ ዛፉ ሥር እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ። እየመጣሁ ነው። በሩን እንዳትቆልፊ» አለኝና ሳቀ። አሳሳቁን አላውቀውም።

እማማ፣ ተክሌን ያገባሁት ካቆመ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሰው አይቼው አላውቅም፤ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጠጥቶ ሲገባ ምን ይባላል? ይበላል ወይስ ይተኛል? የሚያስፈራው ሲስቅ ነው ወይስ ዝም ሲል? አንድም ቀን ጠይቄዎት አላውቅም፣ እርስዎም አልነገሩኝም። መልስዎ እስኪደርሰኝ ሁሉንም አውቄዋለሁ።

አሁን ደረጃው ላይ ኮቴ አለ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ፤ ደግሞ ጀመረ። አልቆልፍበትም። እዚያው በር ላይ፣ ጂቱም ሌላውም እየሰማ፣ «ጠጅ መሆኑን እያወቅሁ ነው ያጠጣሁህ» እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እሱም እኔም አናውቅም። ይጸልዩልን፤ እኔን ይቅር ሳይሉኝም ቢሆን ይጸልዩልን።

ምራትዎ
ሰርክ