ወንበሩ አልነበረም

ለውዷ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ያ ቀበጥ ልጅሽስ ጥርስ አበቀለ? የአንቺስ ወገብ እንዴት ነው፣ በአዲሱ ፍራሽም አልተሻለሽም? እኔ ደህና ነኝ እያልኩ ስምንት ወር ሙሉ ዋሽቼሻለሁ። ዛሬ አልዋሽም። ፈርቻለሁ እታለም፣ በጣም ፈርቻለሁ። ስልክ ላይ እማዬ ከአጠገብሽ ስለማትጠፋ ነው በወረቀት የጻፍኩልሽ።

ነገሩ የጀመረው ከወገቤ ነው። እዚህ ስፌት ቤት አሥራ አንድ ሴቶች ተደርድረን ቀኑን ሙሉ ልብስ ስንሰፋ እንውላለን። ወገቧን የማያማት የለችም፤ ሁላችንም የምንረግመው ወንበራችንን ነው። እኔም ረገምኩት። መጀመሪያ ቁልፍ ከምትተክለው ጓደኛዬ ጋር ተቀያየርኩ፣ አልሆነም። ከዚያ ዚፕ ከምትገጥመው ጋር፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቤቱን አዳረስኩት። «ወንበር ፈታሿ» የሚል ስም ወጣልኝ! በመጨረሻ አለቃችንን ነዝንዤ ነዝንዤ፣ እየተነጫነጨ አዲስ ወንበር ገዛልኝ። ተኮፍሼ ተቀመጥኩበት። ሦስት ቀን አልሞላኝም፣ ሕመሙ ወደ ግራ ጎኔ ወርዶ ጣለኝ። ከስፌት መኪናዬ ሥር ነው ያነሱኝ።

ሐኪሟ ሆዴን በአልትራሳውንድ አይታ ወገብሽ ምንም አልሆነም አለችኝ። እንቁላል የሚያመነጨው ክፍል ላይ፣ በግራ በኩል፣ ብርቱካን የሚያክል ውሃ የቋጠረ እጢ አለ፤ ሲስት ይሉታል። ወገቤን የሚያሳምመኝ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም አለች፤ እኔ ግን ከ«አብዛኛውን ጊዜ» በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። ሐሙስ ሊያወጡት ነው። እጢው ብቻውን አልወጣ ካለ ክፍሉንም አብረው እንዲያወጡት የምፈቅድበት ወረቀት ሰጥታኛለች። አንዱ ከቀረልሽ መውለድ ትችያለሽ ብላኛለች። ግን ለመፈረም ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ይኼ ቀጥ ያለ ስፌት የለመደ እጄ መልሶ ያስቀምጠዋል። የገዛ ስሜን መጻፍ አቃተኝ።

ትናንት ልረጋጋ ብዬ የመጨረሻ ደብዳቤሽን አወጣሁ። «ወገቤ አላስተኛ ስላለኝ ፍራሹን ቀየርኩ፣ አሁንም አልተወኝም፣ አልጋውን ልቀይር ነው» ብለሻል። ክው አልኩ። በፊት አንብቤው ስቄ ነበር እኮ! ምናልባት አልጋው ይሆናል፣ አምላክ ያድርገው። እኔም ግን ወንበሩ ነው ብዬ ነበር። እባክሽ እህቴ፣ አልጋውን ተይውና ሐኪም ዘንድ ሂጂና ታዪ። ነገ ዛሬ አትበይ። አንቺን ሂጂ እያልኩ እኔ ልቀር አልችልም፤ ይኸው ይህን መስመር ጽፌ ወረቀቱን ፈረምኩ። ፊርማዬ ጠማማ ነው፣ ግን ፈርሜያለሁ።

ይህ ሲደርስሽ ሐሙስ አልፎ ይሆናል። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ እኔው ራሴ እስክደውልላት ግን ምንም አትንገሪያት። ጥርሳሙን ጉንጩን ንከሺልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ፤ አልጋውን እንዳይገዛ።

ታናሽሽ
ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ሰኞ፣ የካቲት ፲፬ ቀን