በፖስታ የሚመጣው አፈር

ውድ ታናሽ እህቴ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና መሆንሽን አባባ ሳይነግረኝ የሚውልበት ቀን የለም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጥፋቴ ልግባ። የዚህ ወር አፈርሽ አባባ እጅ አልገባም። እኔ ደብቄዋለሁ።

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። ዓይኑ ማየት ካቆመ ወዲህ ገላውን የማጥበው እኔ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የምሰጠው እኔ፣ ጥፍሩን የምቆርጠው እኔ። አንቺ ደግሞ በየወሩ ከመስክ ሥራሽ አንድ እፍኝ አፈር በፖስታ ትልኪና ቤቱ በሙሉ ያንቺ ይሆናል። ገና የበሩ ደወል ሲጮህ "አፈሩ መጣ?" ይላል። "ሻይህ ቀርቧል" ስለው አይሰማኝም። በውሃ አርሶ በጣቶቹ መሃል ያሻሸዋል፤ ሻካራው አሸዋ፣ እንደ ዱቄት የሚልመው ደለል፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጠው ሸክላ። ሠላሳ ዓመት አፈር ሲመረምር የኖረ ሰው ነውና አይሳሳትም። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ እሷ፣ እሷ፣ እሷ!

ዱሮም እንዲሁ ነበር። ጓሮ ያለው ትልቁ ድንጋይ ትዝ ይልሻል? አንቺን ትከሻው ላይ አውጥቶ ስንጥቁን ያሳይሽ ነበር። ቀን ፀሐይ እንደሚለጥጠው፣ ሌሊት ብርድ እንደሚያኮማትረው፣ ውሃ እንደሚሰርግበት፣ የዛፉ ሥር ገብቶ እንደሚፈለቅቀው። "አንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር እስኪሆን ስንት መቶ ዓመት ይፈጃል መሰለሽ!" ሲልሽ እኔ ከታች የሁለታችሁን ጫማ ይዤ ቆሜያለሁ። "እኔስ?" ብዬ አላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ጥቅልሽ ሲመጣ አልጋዬ ሥር ወሸቅኩትና ከዚያው ድንጋይ ግርጌ አንድ እፍኝ ዝቄ በሳህን አቀረብኩለት። እንዲሳሳት ፈልጌ ነው። አንድ ቀን እንኳ ያንቺን አፈር ከሌላ አፈር መለየት ያቅተው ብዬ።

አርሶ አሻሸው። በአውራ ጣቱ ገፋ ገፋ ሲያደርገው አጭር ጥብጣብ ሆኖ ተበጠሰ። አሸተተው።

"ከየት አመጣሽው?" አለኝ።

"ልጅህ ናታ የላከችው።"

"ተይ እንጂ! ይሄ የጓሯችን ነው። ከድንጋዩ የረገፈው ጠጠር ይኸው። ዱሮ እኮ ውሃ የማይዝ ደረቅ አፈር ነበር። አንቺ ስትደፊበት የኖርሽው የአትክልት ልጣጭ በስብሶ ነው እንዲህ ያጠቆረው፣ ያለሰለሰው።"

የምገባበት ጠፋኝ። በዚያ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጁ እጄን ያዘኝ።

"እህትሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ታመጣልኛለች። አንቺ ግን አንድ ቀን አምጥተሽልኝ አታውቂም። ጭቃ የምትጠዪ ይመስለኝ ነበር፤ እንዳላስቸግርሽ ብዬ ዝም አልኩ።"

እንግዲህ ስሚኝ። እኔ እስኪጠራኝ ስጠብቅ፣ እሱ እስክመጣ ሲጠብቅ፣ አርባ ዓመት ሞላኝ። አለቀስኩ፤ ሲስቅብኝ ደግሞ አብሬው ሳቅኩ።

ጥቅልሽን እሰጠዋለሁ፣ ቃሌ ነው። ግን ዛሬ አይደለም። ነገ ከአጥሩ ሥር፣ ከነገ ወዲያ ከውሃ መውረጃው አጠገብ ላመጣለት ተቀጣጥረናል። የሚቀጥለውንም ወር እባክሽ ትንሽ አዘግዪልኝ። ከጠየቀኝ በፖስታ ቤቱ አሳብቤ አልፈዋለሁ። አሁንም እንደቀናሁብሽ ነኝ፤ ይኸ በአንድ እፍኝ አፈር የሚወጣልኝ አይደለም።

ጫማችሁን ይዛ የቆመችው
እህትሽ